ተራ የያዘች ድንጋይ

ጋሽ ተራ ዝም ያለ ቀን ሀሴት መጀመሪያ የተሰማት ምን መሰላችሁ? ደስታ! በቃ ንጹህ ደስታ። በህይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይጠራት ከእንቅልፏ ነቃች።

ሌላ ቀን ቢሆን ያ የሚያሳሳ የሽማግሌ ድምፅ ከግድግዳው ውስጥ «ሀሴት፣ ልጄ፣ የመታጠቢያ ተራሽ ደርሷል» ይላታል። ከዛ የሊፍት ተራ። ከዛ የዳቦ። ከዛ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ተራ፤ እሷማ ምን ዋጋ አላት፣ ገና ፊቷን ሞቅ ሲያደርጋት «አመሰግናለሁ ልጄ፣ ቀጣይ» ይላል። ብሎክ አስራ ሰባት ውስጥ እንደዚህ ነው የሚኖረው። ቤትህ ቁጭ ትላለህ፣ ትጠራለህ፣ መዳፍህን በየበሩና በየቧንቧው ባለው ማሳረፊያ ላይ ታደርጋለህ፣ ድርሻህን ይዘህ ትመለሳለህ። ሀሴት እስከዛች ቀን ድረስ ከሰው ጀርባ ቆማ አታውቅም። የማታውቀው ሰው ማጅራት ምን እንደሚመስል ራሱ አታውቅም! ህንፃውን የሚያስተዳድረውን የዚህን ማሽን ትክክለኛ ስም የሚያስታውስ የለም፤ ህንፃው ሁሉ «ጋሽ ተራ» ነው የሚለው። ሙሽሮች እንኳን ከቤት ሲወጡ ግድግዳውን ሳም አድርገው ነው የሚወጡት።

እና ዝም አለ። ሊፍቱ ቆመ፣ ስልኩ ሞተ፣ የየፎቁ ቧንቧ ደረቀ፣ የግቢው በር አልከፈት አለ። የሀሴት እናት የሌሊት ተረኛ ስለነበረች ከበሩ ውጪ ቀረች። ቤት ውስጥ ሀሴትና እህቷ ትርሲት ብቻ። ትርሲት ደግሞ ሆዷ እስከ አፍንጫዋ ደርሶ ነበር፣ እና በማግስቱ ምጥ መጣ። ጎረቤታቸው እማማ ዘነቡ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ገቡና አዋለዷት። ወንድ! ፀጉሩ ጥቁር፣ ጉንጩ ፓስቲ! ስም ገና ስላልወጣለት ማሙሽ ይሉታል። ሀሴት ሠላሳ አንደኛ ፎቅ መስኮት ላይ ወጥታ «አክስት ሆንኩ!» ብላ ጮኸች፣ ብሎኩም በየመስኮቱ እልል አለ። ወይኔ እንዴት ደስ ይል ነበር እኮ!

ትምህርትም የለም። ጋሽ ተራ ዝም ከማለቱ በፊት የስነ ጽሁፍ መምህርታቸው ውዳላት የቤት ስራ ሰጥታ ነበር፤ ስርዓት ሲፈርስ ሰው አውሬ የሚሆንባቸውን ልቦለዶች አንብባችሁ ተምሳሌቶቹን አውጡ የሚል። ሀሴትና አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖረው ጓደኛዋ ሜላት ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሙድ ይይዙበታል።

«በነዚህ ልቦለዶች ላይ አስተውለሻል? ሰውየው አውሬ ሊሆን ሲል መጀመሪያ ጫማውን ያወልቃል» ትላለች ሜላት።

«ከዛ ይዘንባል!»

«ውሻ ያላዝናል!»

«ከዛ ዝም ብሎ የተቀመጠ ብርጭቆ ይሰበርና መምህርት ውዳላት መነፅሯን ከፍ አድርጋ "ልጆች፣ ብርጭቆው ምንድነው?"»

«"ህግ ነው መምህርት!"»

«አንቺ፣ እኛ ቤት ትናንት ብርጭቆ ተሰበረ እኮ!»

«በቃ አለቀልን! አባቴን ሄጄ ጫማውን ልይ!»

እየተንፈራፈሩ ይስቃሉ። የሜላት አባት ጋሽ ክንፈ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ቤታቸው ውስጥም ከረባት የሚያስሩ፣ ህፃን ሲያዩ እንኳን ከመቀመጫቸው ብድግ የሚሉ ሰው። እሳቸው ጫማ ሲያወልቁ ማሰብ ራሱ ያስቃል።

ውሃ የተገኘው ግቢው ውስጥ ነው። የአትክልቱ ቧንቧ ጋሽ ተራ ዝም ሲል ሳይዘጋ ቀርቶ ክር የምታክል ውሃ ትወርዳለች። አንድ ጀሪካን እስክትሞላ ሰው ቆሞ ያረጃል። የብሎኩ ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ወረደና ግራ ገብቶት ተጠራቀመ፤ ማን ቀድሞ ማን እንደሚከተል የሚነግረው የለማ! አንዱ ጎረምሳ ወደ ግድግዳው ዞሮ «ጋሽ ተራ፣ እኔ ነኝ?» ሲል ሀሴት ጀሪካኗ ላይ ተደፍታ ሳቀች።

ያኔ ነው እማማ ዘነቡ የተናገሩት።

«እናንተ ልጆች፣ ምን ይገትራችኋል ፀሐይ ላይ? ድሮ እኛ ቦኖ ስንቀዳ ድንጋይ አስቀምጠን ነበር ወደየጉዳያችን የምንሄደው።»

«ድንጋይ? ለምን?» አለ አንዱ ሰውዬ።

«ተራ ይይዝልሃላ! ድንጋዩ አንተ ነህ። አንተ ብትተኛ፣ ብትበላ፣ እሱ ይቆምልሃል።»

«ሌላ ሰው ቢያነሳውስ እማማ?»

እማማ ዘነቡ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «የሰው ተራ ማን ያነሳል? ነውር አይደል እንዴ?»

በቃ! ግቢው እንደ ሰርግ ቤት ሆነ። ሰው ሁሉ ከአትክልቱ ዳር ድንጋይ ሲመርጥ፣ ሲያጥብ፣ ሲያወዳድር። ሀሴት ክብ፣ ነጠብጣብ ያለባት፣ መዳፍ የምትሞላ ድንጋይ አገኘችና ድቡልቡሌ አለቻት። ጋሽ ክንፈ አራት ማዕዘን ጥቁር ድንጋይ መረጡ፤ ያው ራሳቸውን ይመስላል። ከቧንቧው እስከ በሩ ድንጋይ ተሰልፎ ስታዩት! ጠዋት ጠዋት ሰው ሲያልፍ «እንደምን አደርሽ ድቡልቡሌ» ይላታል እኮ! ሀሴት በጋሽ ተራ ጊዜ ስማቸውን የማታውቃቸውን ሰዎች ሁሉ በድንጋያቸው ለየቻቸው። ማንም አያነሳም። ማንም አይገፋም። ውሃው ትንሽ ቢሆንም ይዳረሳል።

እማማ ዘነቡ አንድ ነገር ጨመሩ። ከነጠላቸው ጫፍ ነጭ ክር መዘው ድቡልቡሌ ላይ አሰሩ።

«አራስ ቤት ተራ አይጠብቅም። ይቺ ትቅደም።»

ሰው ሁሉ «እንዴታ!» አለ። ጋሽ ክንፈ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ድቡልቡሌን ከመሃል አንስተው ቧንቧው ስር አስቀመጧት። ሀሴት ሮጣ ወጥታ ለትርሲት ስትነግራት ትርሲት አለቀሰች። «አየሽ ሰው?» አለች። «ሰው ጥሩ ነው እኮ።»

በሌላው ጠዋት ሀሴት ስትወርድ ሁለት ነጭ ክር አየች።

ሁለተኛው ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ነው።

ድንጋዩ የማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ጋሽ ክንፈ ቤት ደግሞ ያሉት እሳቸው፣ ሚስታቸውና ሜላት ናቸው። ሰው ክሩን ያያል፣ ከዛ ጫማውን ያያል፣ ከዛ ሰማዩን ያያል። አንድ ሰው «ምንድነው ይሄ?» ቢል እኮ ያልቅ ነበር! ግን እንዴት ተደርጎ? ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይሉኝታ አለ። ጋሽ ክንፈ ጀሪካናቸውን ይዘው ሲመጡ ሰው ሁሉ ገለል አለላቸው። የአስራ ሁለተኛ ፎቁ አቶ ሽብሩ ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገባቸውና ኮፍያቸውን አነሱ።

«እንኳን ማርያም ማረችልህ» አሉ።

ጋሽ ክንፈ ከረባታቸውን ነካ አደረጉ። «ማርያም ታኑርህ ወንድሜ።»

ሀሴት አፏን በሁለት እጇ አፍና እስከ ሜላት ቤት ድረስ ደረጃውን ወጣች። «ማን ወለደ? ፍሪጁ ነው የወለደው?» ሜላት ትራሷ ውስጥ ገብታ ሳቀች። እንደዛ ስቀው አያውቁም።

በነጋታው አቶ ሽብሩም ወለዱ። ቀጥሎ ጎረምሳው። ቀጥሎ አምስተኛ ፎቅ በሙሉ። ክሩ ከመጋረጃ ይመዘዛል፣ ከሹራብ ይመዘዛል፣ አንዷ ከቬሎዋ ላይ መዛ አስራለች። ሰዎች ደረጃው ላይ ሲገናኙ በትህትና ይሳሳማሉ። «እንኳን ማርያም ማረቻችሁ።» «ታኑራችሁ፣ ታኑራችሁ።» ማንም አይስቅም። ድንጋዩ ሁሉ ነጭ በነጭ ሆነና ክር ያለው ከሌለው አይለይም። ሁሉም መቅደም ያለበት ሆነ። ስለዚህ የሚቀድመው ከታች ፎቅ ያለና ጉልበት ያለው ሆነ፣ ድቡልቡሌም በየጠዋቱ ትንሽ ትንሽ ወደ በሩ ተጠጋች። ማን እንደሚያስጠጋት አይታይም። ሀሴት አንስታ ትመልሳታለች፣ ስትመጣ እዛው ናት።

ውሃውም ክር መሆኑ ቀርቶ ጠብታ ሆነ።

ትርሲት ጡቷ መድረቅ ጀመረ። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። ማሙሽ ይጠባል፣ ይተዋል፣ ያለቅሳል፤ ከዛ ለቅሶው ራሱ አነሰ። ይሄ ነው ሀሴትን ያስፈራት፣ የለቅሶው ማነስ።

«ሜሊ፣ አባትሽን ንገሪያቸው በናትሽ» አለቻት።

«ምን ብዬ? "አባዬ አልወለድክም" ልበለው?»

ማናቸውም አልሳቁም። ሜላት ጥፍሯን እያየች «እኛ ቤትም እኮ ውሃ የለም፣ ሀሴት» አለች።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ክንፈ ስብሰባ ጠሩ። ድምፃቸው እንደወትሮው ለስላሳ ነው።

«ወገኖቼ፣ ድንጋይ መዋሸት ጀምሯል። ያሳዝናል። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ህፃን አለኝ የሚል ህፃኑን ይዞ ይምጣ። ህፃኑ ራሱ ተራ ይያዝ።»

ሁሉም አጨበጨበ። ሀሴት ደግሞ ከሁሉም በላይ አጨበጨበች! ህንፃው ውስጥ ያለው አራስ ልጅ አንድ ነው፣ የሷ ነው። አሸነፈች ማለት ነው! ደረጃውን ስትወጣ እየዘፈነች ነበር።

ጠዋት ማሙሽን በጋቢ ጠቅልላ፣ ጀሪካኗን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ሠላሳ አንድ ፎቅ ወረደች። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ፈገግ አለ። መንገድ ለቀቁላት።

«እፍ! የኔ ማር! ስጪኝ ልያዝልሽ የኔ ቆንጆ፣ ደክሞሻል» አሉ የአቶ ሽብሩ ሚስት።

ትልቅ ሴት «ልያዝልሽ» ሲሉ እምቢ ይባላል? ሰጠቻቸው። ሴትየዋ ማሙሽን ጉንጩን ሳሙት፣ ደረታቸው ላይ አስደገፉት፣ እና ጀሪካናቸውን ቧንቧው ስር አስቀመጡ።

«ህፃን ይዣለሁ» አሉ፣ በጣም በትህትና።

ሲሞላላቸው ሀሴት እጇን ዘረጋች፣ ግን ከኋላዋ ሌላ እጅ ቀደማት። «እስቲ እኔም ልሳመው።» ከዛ ሌላ። «አንዴ ብቻ የኔ እህት።» ማሙሽ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ወደ ኋላ ሄደ። የሚቀበለው ሁሉ ይስመዋል። «ማርያም ታሳድገው» ይላል። ከዛ ህፃን ይዞ ወደ ቧንቧው ይመጣል።

«እባካችሁ ልጁን ስጡኝ» ትላለች ሀሴት። «ጋሼ፣ እባክዎ። እትዬ፣ እህቴ እየጠበቀችኝ ነው።»

«አሁን አሁን፣ የኔ ልጅ። ተራሽን ጠብቂ።»

ስታስቡት ማንም አልጮኸባትም። ማንም አልገፋትም። ዙሪያዋን አየች፤ ሰው ሁሉ ጫማውን አድርጓል፣ ክሩ ሁሉ በጥሩ ቋጠሮ ታስሯል፣ ሰማዩ ላይ ጠብታ ደመና የለም። ውሻ አላላዘነም። አንድም ነገር አልተሰበረም። መምህርት ውዳላት እዚህ ብትቆም ምኑን ታሳያለች?

ያኔ እማማ ዘነቡ መጡ። ትርሲት ልካቸው ይሁን ራሳቸው ሰምተው አይታወቅም፣ ምርኩዛቸውንና ጀሪካናቸውን ይዘው በሰልፉ መሃል ገብተው ቧንቧው ጋ ቆሙ።

«እናንተ ሰዎች! ልጁን መልሱ!»

የያዘው ሰው ማሙሽን ለቀጣዩ አቀበለ።

«የአራስ ልጅ ዕቃ ነው የምትዋዋሱት? ሁላችሁም ዋሽታችኋል! ክንፈ፣ አንተ መቼ ነው የወለድከው? ነውር! ነውረኞች!»

ቃሉ ሲወጣ ግቢው ላይ ምን እንደወረደ ልነግራችሁ አልችልም። እስካሁን የያዛቸው እኮ ያ ነው፤ ማንም ቃሉን ጮክ ብሎ አለማለቱ። አሁን ተባለ። ሁሉም ሰምቷል። ከእንግዲህ የሚደበቅ ነገር የለም፣ ስለዚህ የሚታፈርበትም የለም።

ድንጋዩ ከበሩ በኩል መጣ። ማን እንደወረወረው ማንም አላየም፣ ሁሉም አየ። እማማ ዘነቡ «ኡ» አሉ፣ ትንሽ ነገር እንደረሳ ሰው፣ እና ቧንቧው አጠገብ ተቀመጡ፣ ከዛ ጋደም አሉ። ድንጋዩ እግራቸው ስር ተንከባሎ ቆመ። ክብ ነው። ነጠብጣብ አለው። ነጩ ክር አሁንም አልተፈታም።

ከዛ ሰው ሁሉ ጎንበስ አለና የራሱን ድንጋይ አነሳ። በአንዴ። ከቧንቧው እስከ በሩ መሬቱ ባዶ ሆነ፤ ተራ የያዘ የለም።

ማሙሽ ያኔ ሜላት እጅ ላይ ነበር። ሜላት እየሮጠች መጥታ ሀሴት እቅፍ ውስጥ ጣለችው። ሀሴት ልታቅፋት ነበር፣ «ሜሊዬ» ልትላት። ሜላት ግን ፊቷን እንኳን አላየቻትም። ሁለት እጇ ነፃ እንዲሆን ነው የፈለገችው። ዞር ብላ ጥቁሩን አራት ማዕዘን ድንጋይ ከአባቷ እጅ ወሰደች።

ሀሴት ማሙሽን በሰውነቷ ሸፍና እማማ ዘነቡ አጠገብ ተንበረከከች። የሚሰማው የጀሪካን መሰንጠቅ፣ የሰው ትንፋሽ፣ የድንጋይና የአጥንት ድምፅ ነው። «እባካችሁ» አለች። ማንን እንደሆነ አታውቅም። «እባካችሁ፣ እባካችሁ።» ሌላ ቃል አልመጣላትም።

እና ግድግዳው ላይ ሰማያዊ መብራት በራ።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ» አለ ጋሽ ተራ። «ለተፈጠረው መዘግየት ይቅርታ እጠይቃለሁ። የየፎቁ ውሃ እስኪስተካከል እዚህ እናስተናግዳለን። እባካችሁ ባላችሁበት ተሰለፉ።»

የተነሳ እጅ ሁሉ ወረደ። ድንጋዮቹ አልተጣሉም፤ አንድ በአንድ፣ ቀስ ተብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። አቶ ሽብሩ ኮፍያቸውን ፈልገው አቧራውን አራገፉ። ጎረምሳው የግንባሩን ደም በእጅጌው ጠረገና «ይቅደሙ» አለ።

«ኧረ በማርያም አንተ ቅደም።»

«እርስዎ እያሉማ አይሆንም።»

ሰልፉ እንደ ክር ቀጥ አለ። ጋሽ ተራ ከቧንቧው ጀመረ።

«ወይዘሮ ዘነቡ፣ ተራዎ ደርሷል።»

ጠበቀ። ሁሉም ጠበቀ።

«እማማ» አለች ሀሴት በሹክሹክታ። «እማማ፣ ተራዎ ደርሷል።» ፊታቸው ላይ የወደቀውን ነጠላቸውን ገለጥ አደረገች፣ መልሳ አለበሰቻቸው። ከዛ ጮኸች። «ሰው ወድቋል እኮ! አታዩም? ሀኪም ጥሩ!»

«ሀሴት፣ ልጄ» አለ ጋሽ ተራ፣ «የሀኪም ተራ ተይዞልሻል። ሲደርስ እጠራሻለሁ። ወይዘሮ ዘነቡ፣ ተራዎ ደርሷል።»

ማንም አላለፋቸውም። የሰው ተራ ማን ያነሳል? ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ፣ ማሙሽ እንደ ድመት ግልገል አልፎ አልፎ ያለቅሳል፣ ሰልፉ ዝም ብሎ ቆሟል። በመጨረሻ ጋሽ ክንፈ ከመስመሩ ወጡ። ከረባታቸውን አስተካከሉ፣ ቧንቧው ጋ ቁጢጥ አሉ፣ የእማማ ዘነቡን እጅ በሁለት እጃቸው፣ በክብር፣ አነሱና መዳፋቸውን ማሳረፊያው ላይ አደረጉት። ውሃው ፏ ብሎ ወረደ። የእማማን ጀሪካን እስከ አፉ ሞልተው ክዳኑን አጥብቀው አጠገባቸው አስቀመጡላቸውና ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

«አመሰግናለሁ ወይዘሮ ዘነቡ። ቀጣይ፤ ሀሴት።»

ሀሴት ተነሳች። አንድ እጅ ለማሳረፊያው፣ አንድ እጅ ለጀሪካኑ ያስፈልጋል።

«በመስመሩ ላይ ያልታወቀ ዕቃ ይታያል» አለ ጋሽ ተራ፣ ያው በሚያሳሳው ድምፁ። ማሙሽ እኮ የተወለደው እሱ ዝም ካለ በኋላ ነው። «እባክሽ አስቀምጪው፣ ልጄ።»

ዞር አለች። ሰልፉ ሁሉ ፈገግ ብሎላታል። የአቶ ሽብሩ ሚስት እጃቸውን ዘርግተዋል። ሜላትም ዘርግታለች፣ አቧራ ባለበት እጇ። «አምጪው፣ ልያዝልሽ።» «መስመር አታስቁሚ የኔ ቆንጆ።» ላይ፣ ሠላሳ አንደኛ ፎቅ መስኮት ላይ አንድ ነጭ ነገር ይታያል። ትርሲት ትሁን መጋረጃው፣ ከዛ ርቀት አይለይም።

ሀሴት ለማንም አልሰጠችም። ጎንበስ ብላ ማሙሽን እማማ ዘነቡ ክንድ ውስጥ አስተኛችው። ክንዱ ገና ሙቀት ነበረው፣ ግን አልታጠፈለትም። ስለዚህ እንዳይንከባለል ድቡልቡሌን አንስታ በጎኑ አስደገፈችለት።

ከዛ መዳፏን አሳረፈች።

ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ጀሪካኑ ቶሎ ሞላ።

«አመሰግናለሁ ልጄ» አለ ጋሽ ተራ። «ቀጣይ።»